ደብተሩን ቆይተሽ አውጪው፦ ከጥቁር ታዳጊ ሴቶች ጋር ጥናት ለመሥራት ላሰብሽ

ባለፈው ወር እዚሁ ሜሪላንድ ማስተርሷን የጀመረች ልጅ ደወለችልኝ። "እትዬ፣ ስለ ጥቁር ታዳጊ ሴቶች የትምህርት ቤት ሕይወት ጥናት ልሠራ ነው። መጠይቁን ልላክልሽና ታዪልኛለሽ?" ስንት ጥያቄ አለው አልኳት። 34 አለችኝ። ልጆቹንስ አግኝተሻቸዋል? "አይ ገና ነኝ፣ መጀመሪያ መጠይቁ ይለቅልኝ ብዬ ነው።" ከዚህ በታች ያለው ያን ዕለት በስልክ የነገርኳት ነው፤ ትንሽ ዘርዘር አድርጌዋለሁ። "አንቺ" እያልኩ የምጽፈውም ከእሷ ጋር ስለጀመርኩት ነው። ወንዶች እየቀየራችሁ አንብቡት፣ ለእናንተ ለብቻ የምለውም አለኝ።

በመጀመሪያ መጠይቁን ዝጊው።

"ማኅበረሰብን ያሳተፈ ጥናት" ሲባል ብዙ ተማሪ የሚገባው በአንድ የወጣቶች ማዕከል ወይም በቤተ ክርስቲያን በኩል 15 ልጅ ማግኘት ነው። እሱ ምልመላ ይባላል። እኔ የምልሽ ልጆቹና በዙሪያቸው ያሉት ሰዎች ምን ይጠና የሚለውን ሲወስኑ፣ መረጃውን አብረውሽ ሲሰበስቡ፣ "ይሄ እኮ እንዲህ ማለት ነው" ብለው ሲያርሙሽ፣ መጨረሻ ላይም ማን ይስማው በሚለው ላይ ድምፅ ሲኖራቸው ነው። ሁሉንም ማድረግ ላትችይ ትችያለሽ። ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው፣ ኪራይ አለ፣ ሥራ አለ። አንዱን ብቻ ምረጪ ብትባዪ ግን የመጀመሪያውን ያዢ። ጥያቄው ከነሱ ይምጣ።

ለምን እንደሚጠረጥሩሽ

"ጥናት" የሚለው ቃል በአሜሪካ ጥቁሮች ቤት ጥሩ ትዝታ የለውም። በ1840ዎቹ አላባማ ሞንትጎመሪ ውስጥ ጄ. ማሪየን ሲምስ የተባለ ሐኪም በባርነት የተያዙ ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀዷቸዋል። ከነሱ አንዷ አናርካ ገና 17 ዓመት ገደማ ነበረች። ሰውየው የሴቶች ሕክምና አባት ተብሎ ሐውልት ቆመለት፤ ሐውልቱ ከኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተነሳው በ2018 ነው። በዚያው በአላባማ፣ ተስኪጊ ውስጥ፣ የመንግሥት የጤና ባለሙያዎች ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ይዘው፣ ቂጥኝ የያዛቸውን መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላም ሳያክሙ፣ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ሲመዘግቡ ኖሩ። ዛሬ ያ ሁሉ ፎርም የሚያስሞላሽ አይአርቢ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው የጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ በሕግ የጸናው በአብዛኛው ከዚህ ቅሌት የተነሳ በ1974 ነው። ስለዚህ አንዲት አያት "የምትሠሪው ለማን ነው?" ብላ ዓይን ዓይንሽን ብታይሽ ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ቀጥ ያለ መልስ ስጫት። ለዲግሪዬ ነው በዪ፣ ለዲግሪሽ ከሆነ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን "ለልጆቹ ጥቅም ነው" እል ነበር፣ አንዷ ሴትዮ ሳቀችብኝ፣ ልክ ነበረች።

ልጆቹ ራሳቸው መናገር ያለባቸው ለምን እንደሆነ ደግሞ በዚህ እዪው። በ2017 ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ያለ፣ በድህነትና በኢ-እኩልነት ላይ የሚሠራ ማዕከል 325 አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር። መልሱ ጥቁር ሴት ልጆች በዕድሜ ከሚተካከሏቸው ነጭ ልጆች ይልቅ እንክብካቤም፣ ጥበቃም፣ መጽናናትም ብዙ አያስፈልጋቸውም፣ ስለ ወሲብም የበለጠ ያውቃሉ ተብለው እንደሚታሰቡ አሳየ። ይሄ አመለካከት የሚጀምረው ከ5 ዓመት ልጅ ነው። አምስት! የወተት ጥርሷ እንኳ ያልወለቀ። ትልቅ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፤ የሚነግረን ግን በአዋቂዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ነው። ማዕከሉም ይሄ ስለገባው ይመስለኛል በ2019 ተመልሶ ጥቁር ሴቶችንና ታዳጊዎችን በቡድን በቡድን አስቀምጦ የደረሰባቸውን ሰማ። ቁጥሩም እንዲሁ ነው። በፌዴራል መንግሥቱ መረጃ መሠረት በ2011-12 የትምህርት ዘመን ከጥቁር ሴት ተማሪዎች 12 በመቶው፣ ከነጭ ሴት ተማሪዎች ደግሞ 2 በመቶው ከትምህርት ታግደዋል። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ነው። ያቺ ልጅ ከክፍል ስትወጣ ምን ተብላ እንደወጣች ግን ሠንጠረዡ ላይ የለም።

ከአንቺ በፊት የሄዱበት ሁለት ሰዎች ልጥቀስልሽ። ጆይስ ላድነር በ1960ዎቹ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ፕሩት-አይጎ በሚባለው የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሰፈር ያሉ ጥቁር ታዳጊ ሴቶችን ልታጠና ስትገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስታጠቃት መነጽር ልጆቹን "ያፈነገጡ" አድርጎ የሚያይ ነበር። ራሷ የሚሲሲፒ ጥቁር ልጅ ናት እኮ። ልጆቹን ስትሰማ ስትሰማ መነጽሩ ራሱ የተበላሸ መሆኑ ገባት፣ ይሄንኑም በ1971 ባሳተመችው ሥራ በግልጽ ጻፈችው። ሌላዋ ሩት ኒኮል ብራውን ናት። በ2006 ኢሊኖይ፣ ኧርባና-ሻምፔን ውስጥ ሶልሆት የሚባል የጥቁር ሴት ልጆች ስብስብ ጀመረች። ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ ግጥም ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ፤ እውቀቱ ከዚያ ይወጣል። መጠይቅ ይዞ የገባ የለም።

አንድ ሴሚስተር ወንበር ደርድሪ

ቢያንስ አንድ ሴሚስተር፣ ከቻልሽ ከዚያም በላይ፣ ልጆቹ ያሉበት ቦታ ሄደሽ ሥራ ሥሪ። የቤት ሥራ አግዢ፣ ፒዛ ተቀበዪ፣ ወንበር ደርድሪ፣ ዝናብ ሲሆን እስከ ባቡር ጣቢያ አድርሺ (ወላጅ ካወቀና ማዕከሉ ከፈቀደ ብቻ፣ በመኪናሽ ልጅ መጫን ቀላል ነገር አይደለም)። በዚህ ጊዜ ደብተር አታውጪ። ለይሉኝታ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የአይአርቢ ፈቃድ ሳታገኚ የሰማሽው ነገር መረጃሽ አይደለም። ስልክሽ ላይ ተደብቀሽ ማስታወሻ ብትይዢ ልጆቹ ያያሉ። ልጅ ሁሉን ያያል።

በየቦታው አንዲት ሴት አለች። ፕሮግራሙን ከሃያ ዓመት በላይ ያስኬደች፣ የሁሉንም ልጅ እናት ስልክ በቃሏ የምታውቅ። እሷ ካልወደደችሽ አለቀ። እሷን "እንዴት ልትረጂኝ ትችያለሽ" ብለሽ አትጀምሪ። ምን እንደጎደላት ጠይቂ። አንዳንዴ የጎደላት ለበጀት ጥያቄ የሚሆን ቁጥር ነው፣ አንዳንዴ ቅዳሜ ጠዋት በር የሚከፍት ሰው ነው። ከዚያ ሁለታችሁ አንድ ሁለት ገጽ ስምምነት ጻፉ፦ መረጃው የማን ነው፣ ጋዜጠኛ ቢመጣ ማን ይናገራል፣ አንድ ነገር እንዳይታተም ቢፈለግ ማን ይወስናል፣ ገንዘቡስ እንዴት ይካፈላል። አሁን ስትዋደዱ ጻፉት። ሲጣሉ የሚጻፍ ስምምነት አይቼ አላውቅም።

ወንድሜ፣ ለአንተ የምለው ይሄ ነው። ከልጆቹ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻህን አትቀመጥ፣ ቃለ መጠይቁንም ሴት ባልደረባ ትምራው። አንተ ትንታኔውን፣ በጀቱን፣ ሳህን ማጠቡን ያዝ። ጥናቱ ላይ ስምህ አይጠፋም።

"እኛ እኮ ሐበሻ ነን"

ሐበሻ በሚበዛባቸው በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ከሠራሽ አንዷ እናት ይሄን ማለቷ አይቀርም። "የኔ ልጅ ምን አገባት፣ ይሄ የጥቁሮቹ ጉዳይ ነው።" አትከራከሪያት፣ ቡናዋን ጠጪ። በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ኢትዮጵያዊ የሚለው "ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን" ከሚለው ሳጥን ሥር በምሳሌነት ተጽፎ ነበር። ልጅቷም ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪዋ የሦስት ሺህ ዘመኑን ታሪክ አይጠይቃትም፣ ጸጉሯን ነው የሚያየው። ይሄን ለእናትየው እኔ ብነግራት ስድብ ይሆናል። ልጇ ስትነግራት ግን ታለቅሳለች። ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ ልጆቹ ይንገሩሽ፤ አንዷ ጥቁር ነኝ ትላለች፣ አንዷ ሐበሻ፣ አንዷ ደግሞ እንደ ቀኑ።

በተቃራኒው ያለውን ስሕተት ደግሞ የኛ ተማሪዎች ይሠሩታል። 12 የሐበሻ ልጆች አናግረው ርዕሱን "የጥቁር ታዳጊ ሴቶች ሕይወት" ይሉታል። አይሆንም። ቅድመ አያቷ ከጆርጂያ የጥጥ እርሻ የመጣች ልጅና ወላጆቿ በዲቪ የመጡ ልጅ እዚያው ክፍል አንድ ዓይነት ነገር ሊደርስባቸው ይችላል፣ ቤት ሲገቡ የሚነገራቸው ግን ይለያያል። ማንን እንዳናገርሽ ርዕሱ ላይ ጻፊ። የቆዳ ቀለማችን ስለተመሳሰለ ስለሌላው ልጅ የመናገር ውክልና አልተሰጠንም።

"እሺ" እና ይሉኝታ

ከ18 ዓመት በታች ላሉት በአብዛኛው ሁለት ነገር ያስፈልግሻል፣ የወላጅ ፈቃድና የልጅቷ የራሷ እሺታ። የፌዴራሉ ደንብ ውስጥ የምወደው አንድ ነጥብ አለ፦ ልጅ ስላልተቃወመች ብቻ ተስማምታለች አይባልም ይላል። ያረቀቁት ሰዎች ይሉኝታን የሚያውቁ ነው የሚመስለኝ። የኛ ልጅ ለታላቅ እንቢ አትልም። "እሺ" ትልና ትቀራለች፣ ወይ ደግሞ ትመጣና አንገቷን ደፍታ "ምንም አይልም፣ ደህና ነው" እያለች አርባ ደቂቃ ትገፋለች። "የስ ማም" እያለች ያደገች የአፍሪካን አሜሪካን ልጅም ከዚህ አትለይም።

ስለዚህ እንቢ ማለትን አለማምጃቸው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቀረጻው ሳይጀመር የማይረባ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ቁርስ ምን በላሽ፣ የምትጠዪው አስተማሪ ማነው፣ እና ሥራቸው "አልነግርሽም" ማለት ብቻ ነው። ይስቃሉ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ከዚያ እውነተኛው ሲጀመር አንዷ ቢያንስ አንድ ጥያቄ "አልነግርሽም" ካላለችኝ እጠረጥራለሁ። ፈቃዱን ደግሞ በየቀኑ ጠይቂ እንጂ መስከረም ላይ የፈረመችው ለመጋቢት አይሠራም።

ቅጹን ወደ አማርኛ ስታስተረጉሚ ቃላቱን ተጠንቀቂ። "ልጃገረድ" አትበዪ፤ በኛ ቋንቋ ስለ ድንግልና የሚጠይቅ ቃል ነው፣ እናትየው ወረቀቱን እዚያው ታጥፈዋለች። "ሴት ልጆች" ወይም "ታዳጊ ሴቶች" በዪ። "ምርመራ" የሚለውንም ተዪው፣ ወይ ፖሊስ ነው ወይ ላቦራቶሪ። ፊርማም ራሱ ያስፈራል፣ በተለይ የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ቤተሰብ ዘንድ። ከጥናቱ ጋር የሚያያይዛቸው ብቸኛ ወረቀት ያ ፊርማ ከሆነና ዋናው አደጋ የምስጢር መውጣት ከሆነ፣ ቦርዱ የቃል ስምምነት ሊፈቅድልሽ ይችላል። ብዙ ተማሪ ይሄን መጠየቅ እንደሚቻል አያውቅም። ጠይቂ። ርዕስሽ ጠንከር ያለ ከሆነ ደግሞ ከብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ የምስጢር ጥበቃ ሰርተፊኬት ጠይቂ፤ በፍርድ ቤት እንኳ የልጆቹን ማንነት አውጪ እንዳትባዪ ይረዳል።

እና አንድ ነገር ሳትነግሪያቸው ቀረጻ እንዳትጀምሪ። ሰው እየጎዳት እንደሆነ ከነገረችሽ ዝም ማለት ላትችይ ትችያለሽ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ በአንዳንዱ ማንኛውም አዋቂ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። "የምትነግሪኝ ሁሉ በኔና በአንቺ መካከል ነው" ብለሽ ከጀመርሽ በኋላ የምትደውዪው ስልክ ልጅቷ ሰው የምታምንበትን የመጨረሻ ቀን ሊያደርገው ይችላል። አስቀድመሽ በግልጽ በዪ፣ የምታማክራት ሰውም እዚያው ሕንጻ ውስጥ አዘጋጂ።

34ቱን ጥያቄዎች ምን እናድርጋቸው

ለልጆቹ ስጫቸው። ከነእስክሪብቶው። የሚያስጠላቸውን ይሰርዙ፣ የጎደለውን ይጻፉ። እኔ በአንድ ወቅት "የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን" የሚል ትልቅ ርዕስ ይዤ ገብቼ ልጆቹ ትንንሽ ወረቀት ላይ የጻፉት ስለ ጸጉር፣ ስለ ሽንት ቤት ፈቃድ፣ ስለ ስፖርት ልብስ ነበር። አንዷ ደግሞ "እኛ ስንስቅ 'ዝም በሉ'፣ እነሱ ሲስቁ ማንም ምንም አይልም፣ ለምን?" ብላ ጻፈች። ሦስት ወር ሙሉ ላይብረሪ ብቀመጥ ያቺን ጥያቄ አላመጣትም ነበር። ጸጉርም ቀልድ እንዳይመስልሽ። ካሊፎርኒያ በ2019 በጸጉር አሠራር ምክንያት መድልዎን የሚከለክል ክራውን አክት የሚባል ሕግ ያወጣችው ጉዳዩ ልጅን ከክፍል፣ አዋቂን ከሥራ የሚያስወጣ ስለሆነ ነው።

ዘዴው ቀላል ይሁን። ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ቢጠያየቁ አንቺ ከምትጠይቂው ይሻላል። ፎቶቮይስ የሚባለውም አለ፤ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ በ1990ዎቹ ቻይና ዩናን ውስጥ ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመሩት ነው፣ ሰዎቹ ራሳቸው ፎቶ ያነሱና በፎቶው ላይ ይወያያሉ። ለዛሬ ልጅ ስልኳ እጇ ላይ ስላለ ይመቻል። ችግሩ የሌላ ሰው ፊት ነው፣ በተለይ ትምህርት ቤት ውስጥ። ፊት የሌለበት ፎቶ ብቻ ብትዪ የበለጠ ብልህ ፎቶ ያመጣሉ፤ የተዘጋ በር፣ ባዶ ወንበር፣ ከመስተዋት ላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ። ሹሩባ ሲሠራሩ የሚወራው ወሬ ደግሞ ምርጡ ነው፣ ግን መቀረጻቸውን የሚረሱበትም ሰዓት ያው ነው። ደጋግመሽ አስታውሻቸው።

ክፈዪ። አብራሽ የምትሠራ ልጅ የሰዓት ክፍያ ይገባታል፣ ለተሳታፊዋም ቢያንስ የጊፍት ካርድና የመጓጓዣ። ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ የሚመልሰው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፣ ስለዚህ በጀቱን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ከኪስሽ አውጥተሽ እንዳትቀሪ። ጊፍት ካርድ ስትሰጪ የፋይናንስ ክፍሉ ስምና ፊርማ ሊጠይቅ ይችላል፣ ለምስጢር የተጨነቅሽው ሁሉ እዚያች ዝርዝር ላይ ውኃ ይበላዋል። በኮድ መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ቀድመሽ ተነጋገሪ።

ጽሑፉ ሲጻፍ

ድምፁን ወደ ጽሑፍ ስትገለብጪ አነጋገራቸውን አታርሚ። እንግሊዝኛና አማርኛ ከቀላቀለች ቀላቅለሽ ጻፊ። ትንታኔውን ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ አብራችሁ ሥሩ፤ ካልተስማማችሁ አለመስማማቱን ጻፊው።

ስም መቀየር አይበቃም። ሐበሻ መንደር ነው። "በእግር ኳስ ቡድን ያለች፣ አባቷ ታክሲ የሚነዳ፣ የ10ኛ ክፍል ልጅ" ካልሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማን እንደሆነች ይታወቃል። እናቶች ገመናችንን ልታወጪው ነው የሚሉት ይሄን ፈርተው ነው፣ እውነታቸውን ነው። ዝርዝሩን ቀያይሪ፣ ከተቻለ የሁለት ሦስት ልጆችን ታሪክ አዋሕደሽ ማዋሐድሽን ተናገሪ። የምትጠራበትን የብዕር ስም ራሷ ትምረጥ፣ ግን የኢንስታግራም ስሟ እንዳይሆን እዪላት።

በ2009 ኢቭ ታክ የተባለች ምሁር ለማኅበረሰቦች በጻፈችው ግልጽ ደብዳቤ ቁስልን ብቻ እየቆጠሩ የሚሄዱ ጥናቶችን አቁሙ ብላ ነበር። ረቂቅሽን ስትጨርሺ እሷን አስቢ። 40 ገጽ ውስጥ አንዲት ልጅ አንዴ እንኳ ካልሳቀች ያጠናሽው ልጆቹን አይደለም፣ የደረሰባቸውን ብቻ ነው። ልጆቹም ሲያነቡት ራሳቸውን አያገኙትም።

ያነቡታል ያልኩት በቁም ነገር ነው። ከመጽሔቱ በፊት ለነሱና ለእናቶቻቸው አቅርቢ፣ ምግብ ኖሮ፣ በአጭሩ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ትምህርት ቦርድ ፊት መናገር ከፈለጉ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሰዓት ይዘሽ አለማምጃቸው፣ ማግስቱን ትምህርት ቤት ምን ሊገጥማቸው እንደሚችልም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። አንዷ ሐሳቧን ቀይራ "ያቺን አንቀጽ አውጪልኝ" ብትል አውጪላት፣ ምንም ያህል ቆንጆ አንቀጽ ብትሆን። አንዴ እንዲህ ያለች አንቀጽ አውጥቻለሁ፣ የምዕራፉ ምሰሶ ነበረች፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

የምትሄጂበትን ቀን ከመጀመሪያው ንገሪያቸው። ስትመረቂ ትጠፊያለሽ፣ ሁላችንም ጠፍተናል፣ ልጆቹ ግን የጠፉባቸውን አዋቂዎች ይቆጥራሉ። ቀረጻዎቹንም በቅጹ ላይ ባልሽው ቀን አጥፊ፣ ከተቻለ ልጆቹ ባሉበት። እኔ ያጠፋሁ ዕለት አንዷ አዝራሩን እኔ ልጫን ብላ ላፕቶፑን ቀማችኝ፣ ከዚያ ሪሳይክል ቢኑንም ክፈቺና አሳዪኝ አለችኝ።